ስለ ብስክሌት ጎማ ቫልቮላና ስለ መንፊያው፤ ከአራዳ ወደ እንጦጦ ለሚወጡ ልጆች ወላጆች

የነፋስ ጎማና አዲስ አበባ የዕድሜ እኩዮች ናቸው። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች ብዙም ሳይቈይ፣ በአየርላንድ አገር በቤልፋስት ከተማ ይኖር የነበረ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የከብት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 ነፋስ ስለሚሞላበት የላስቲክ ጎማ የፈጠራ መብት ወረቀት ተቀበለ። ይህ ሰው ነገሩን በመጀመሪያ ያሰበው ለንግድ አልነበረም፤ ትንሹ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በድንጋይ መንገድ ላይ ሲነዳ ደረቁ ጎማ እያንገጫገጨ ስላስቸገረው ነው እንጂ። ሮበርት ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ከርሱ አርባ ዓመት ያህል ቀድሞ ይህንኑ አስቦ ወረቀት አስጽፎበት እንደ ነበረ በኋላ ታወቀ፤ ዳሩ ግን ጎማው ዓለምን የዞረው በልጁ አባት እጅ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው እዚህም የምንጽፈው ስለ ወላጆችና ስለ ልጆች ብስክሌት ስለ ሆነ ነው። የእንጦጦ መናፈሻ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ፣ በውስጡም በዛፉ መካከል ለብስክሌት የተጠረገ መንገድ ስላለ፣ ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ሥራ በከተማው ዋና ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ስለ ተከለለ፣ በዕረፍት ቀን ጧት ከምኒልክ ሐውልት አጠገብ ተነሥተው በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጡት ወጣቶች ቍጥራቸው ጥቂት አይደለም። ወላጅ ለልጁ ብስክሌት ሲገዛ ስለ ዋጋው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ማርሹ ብዛት ይጠይቃል፤ ፍሬኑንም ጨብጦ ያያል። ጎማው በምን ዓይነት አፍ ነፋስ እንደሚቀበልና ነፋሱን የሚሰጠው ዕቃ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አናይም። እኛ ደግሞ በጫካ መንገድ ለሚሄድ ልጅ ከማርሹ ብዛት ይልቅ ይህ ይበልጣል ባዮች ነን።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አያጣውም። አራዳ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትርን ያልፋል፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ግን ተጓዡ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይወጣል። እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሱቅም ጎሚስታም አይታጣም። ከአገር ልብስ መሸጫዎቹ አልፎ ያለው ግን ዳገት ነው፤ ጫካ ነው፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። ጎማ የሚበሳውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ የባሕር ዛፍ ስንጣሪና የቀጋ እሾህ፣ የተሳለም ድንጋይ ያለው እዚያ ነውና። ፀሐይ ወደ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ስታዘነብል እንጦጦ ይበርዳል፤ ጅቡም ከዋሻው ይወጣል። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ጎማው ተኝቶበት ቢቆም፣ የመጣበት ዓላማ ጨዋታ መሆኑ የቤቱን ጭንቀት አያቀልለውም።

አንድ የምናውቀው ወጣት በውጭ አገር ከሚኖር ዘመዱ መልካም ብስክሌት ተላከለት፤ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጓደኞቹ ሁሉ ተራ እየጠበቁ የሚቀመጡበት ነበረ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ጎማው ተበሳበት። መለጠፊያና ማስቲሽ ይዞ ስለ ነበረ ቀዳዳውን በሚገባ ደፈነው። ከዚህ በኋላ ነፋስ የሚሰጠው ፈለገ፤ አንድ ብስክሌተኛ መንፊያውን አውጥቶ ሰጠው፤ አፉ አልገጠመም። ባለ ሞተር ብስክሌት አንድ ሰው ቆመለት፤ የርሱም አልገጠመም። ብስክሌቱን እየገፋ ወርዶ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ደረሰ፤ ጎሚስታውም ትልቁን ኮምፕሬሰር አስነሥቶ ቢሞክር ቱቦው በቀጭኑ ቫልቮላ ላይ አልይዝ አለ። ልጁ ቤቱ የገባው በጨለማ ነው። የሚነፋለት ሰው አላጣም፤ አፍ ለአፍ የሚገጥም ዕቃ አጣ እንጂ።

ቫልቮላ የሚባለው ነገር በሥራው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ብረት ሠሪው እሳቱን ሲያናፋ የወናፉን አፍ ከፍቶ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ነፋሱ ይገባል፤ አፉን ጨብጦ ሲጫነው ነፋሱ በመጣበት መመለስ ስለማይችል በቧንቧው በኩል ወደ ፍሙ ይሄዳል። ቫልቮላም ከናስና ከላስቲክ የተሠራ የወናፍ አፍ ነው፤ ከውጭ ሲገፉት ይከፈታል፤ ከውስጥ ሲገፋ ይዘጋል። ልዩነቱ አፉን የሚዘጋው የሠሪው እጅ ሳይሆን ራሱ የታመቀው ነፋስ መሆኑ ነው። ይህ አፍ የተተከለበትን የውስጥ ጎማ ጎሚስታዎቻችን ካላማዳሪያ ይሉታል፤ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የነፋስ ጓዳ ማለት ነው። አደባባይ ማለት የሆነው ፒያሳ ከዚያው ቋንቋ እንደ መጣ ሁሉ፣ ጎሚስታውም፣ ዳዶውም፣ ሞላውም፣ ፖምፓውም ከዚያው ናቸው። ስለዚህ በፒያሳ ቆሞ ስለ ብስክሌት የሚነጋገር ሰው ሳያውቀው ግማሹን በባዕድ ቋንቋ ይናገራል።

በገበያ የሚገኘው የብስክሌት ቫልቮላ ሦስት ዓይነት ነው። ወፍራሙ ሽራደር ይባላል፤ ሰው ሁሉ የመኪና ቫልቮላ የሚለው ነው። በኒው ዮርክ የነበረው የአውጉስት ሽራደር ፋብሪካ ያወጣው ነው፤ የፈጠራ መብቱም እ.ኤ.አ. በ1893 የተጻፈ ነው። ወርዱ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በመካከሉ በሞላ የተደገፈ መርፌ አለበት፤ የመንፊያው አፍ መርፌውን ሲጫነው በሩ ይከፈታል፤ ሲለቀው ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። የመኪናውም፣ የሞተር ብስክሌቱም፣ የእጅ ጋሪውም ጎማ ይህንኑ ይጠቀማል።

ቀጭኑ ፕሬስታ ይባላል። ስክላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ያወጣው ስለ ሆነ በአንዳንድ አገር በዚሁ ሰው ስም ይጠራል። ወርዱ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው። ሞላ የለውም፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ በጣት አላልቶ፣ አንድ ጊዜ ጫን አድርጎ ጢስ ካሉ በኋላ መንፋት ነው፤ ከዚያም ዳዶዋን መልሶ ማጥበቅ ነው። ሞላውን የሚታገል ኀይል ስለሌለ ለእጅ መንፊያ ቀላል ነው፤ ከፍተኛ ግፊትም ይችላል። ነውሩ የዳዶዋ ዘንግ ቀጭን ስለ ሆነች በቸኰለ እጅ ትጐብጣለች፤ አንዳንዴም ትሰበራለች።

ሦስተኛው ደንሎፕ፣ ወይም በሠሪው ስም ዉድስ፣ የሚባለው ነው፤ ከህንድና ከቻይና በሚመጡት ከባድ የሥራ ብስክሌቶች ላይ የሚታየው ይህ ነው። ግንዱ እንደ ሽራደሩ ወፍራም ሲሆን አፉ ግን የፕሬስታውን መንፊያ ይቀበላል። የድሮው ዓይነት በውስጡ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለበት፤ ነፋሱ ያን ላስቲክ እየገፈተረ ስለሚገባ መንፋቱ ክንድ ያደክማል፤ ላስቲኩም ሲያረጅ ያፈሳል። ሆኖም መላ ልቡን ያለ ልዩ መሣሪያ በእጅ ፈትቶ መለወጥ ይቻላል፤ በገጠር መንገድ ዘመኑን ሁሉ የኖረውም በዚህ ጠባዩ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ ማንኛው ይሻላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። ነጋዴው ያለውን ያመሰግናል፤ የውጭ አገር ሰው ያገሩን ያመሰግናል። እኛ የምንመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ልጁ ጎማው በተኛበት ቦታ ዙሪያ ያለው ሰው ምን ይዟል? ከአራዳ እስከ ሽሮ ሜዳ ባለው መንገድ ጎሚስታው ሁሉ የሚጠቀምበት የኮምፕሬሰር አፍ ለመኪና የተሠራ ነው። በመናፈሻው መንገድ የሚያልፈው መኪና በኋላ ሣጥኑ ትንሽ መንፊያ ይዞ ቢገኝ አፉ የሽራደር ነው። ስለዚህ በእንጦጦ ለሚነዳ ልጅ ያለ ብዙ ማመንታት ሽራደሩን እንመርጣለን። ፕሬስታው በራሱ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ በሥራው ጥራት ምናልባት የሚበልጥ ነው፤ ነገር ግን ከሰው ተነጥሎ የሚቆም ዕቃ ነው። ብስክሌቱ አስቀድሞ ፕሬስታ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፣ በጫፉ ላይ ተጠምዝዞ ወደ ሽራደር የሚያሸጋግረው ትንሽ ናስ አለ፤ ክብደቱ ከአዝራር አይበልጥም። ከላይ ያነሣነው ወጣት ይህችን ናስ በኪሱ ቢይዝ ኖሮ የመጀመሪያው ጎሚስታ ይበቃው ነበር። ሁለት ገዝቶ አንዱን ከኮርቻው በታች ባለው ከረጢት፣ አንዱን ከቤት ቍልፍ ጋር ማሰር መልካም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ውድድር ብስክሌት አንድ ቃል ብንጨምር አይከፋም። የአገራችን ብስክሌተኞች፣ ከነርሱም መካከል ስመ ጥሩው ገረመው ደንቦባ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልበርን በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ተወዳድረዋል፤ ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህን ያየ ወጣት ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ ብስክሌት ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚያ ብስክሌት ጎማ ስድስትና ሰባት ባር ግፊት የሚሞላ፣ ለአስፋልት የተሠራ ነው፤ ቀጭን ቸርኬው ሰፊ ቀዳዳ ስለማይችልም ፕሬስታ ተገቢው ነው። ይህንኑ ይዞ ወደ ባሕር ዛፉ ጫካ መግባት የበዓል ጫማ አድርጎ ጭቃ እንደ መራገጥ ነው። ከማን አንሼ ብሎ የሚገዛ ወላጅም ይህንን ልብ ይበል።

ስለ ቸርኬው ካነሣን ዘንድ፣ የቫልቮላው ምርጫ የሚጀመረው ከርሱ ቀዳዳ ነው። ለፕሬስታ የተበሳ ቸርኬ ሽራደር አያስገባም። አንዳንድ ሠራተኞች በመሰርሰሪያ ቢያሰፉት ምን አለበት ይላሉ፤ ሰፋ ያለ የተራራ ብስክሌት ቸርኬ ሊሸከመው ይችል ይሆናል፤ ጠባቡን ግን ያደክመዋል፤ የቀዳዳው ጠርዝ በሞረድ ካልለሰለሰም ካላማዳሪያውን እየበላ በሳምንት ውስጥ ሌላ ቀዳዳ ይሰጣል። ተቃራኒው፣ ማለት በሰፊ ቀዳዳ ቀጭን ቫልቮላ ማስገባት፣ ይቻላል፤ ነገር ግን በዙሪያው የላስቲክ ቀለበት ካልገባለት ቫልቮላው እየተንቀጠቀጠ ሥሩ ላይ ይቀደዳል። በሥሩ የተቀደደ ካላማዳሪያ መለጠፊያ አይቀበልም፤ መጣል ነው። በመርካቶም በፒያሳም ሰልባጅ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሁለቱን መንኰራኵሮች ለየብቻ ይመርምር፤ የፊቱ ሽራደር፣ የኋላው ፕሬስታ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

ወደ መንፊያው እንለፍ። የገዢው ዐይን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ቀጭን፣ አጭርና በኪስ በሚገባው ላይ ነው። መንፊያ ግን እንደ ውሃ መቅጃ ነው፤ ቀጭኑ ጥቂት ይቀዳል፤ ወፍራሙ ብዙ ይቀዳል። ቀጭኑ መንፊያ በአንድ ግፊት ጥቂት ነፋስ ስለሚወስድ ክንድ ሳይታገለው እስከ ከፍተኛ ግፊት ይደርሳል፤ ይህም ለአስፋልቱ ቀጭን ጎማ ነው። ሰፊው የተራራ ጎማ ብዙ ነፋስ እንጂ ብዙ ግፊት አይሻም፤ ስለዚህ ለርሱ በርሜሉ ወፈር ያለው መንፊያ ይመረጣል። ሻጩ ይህ እስከ 8 ባር ይሞላል ብሎ ሲያወድስ፣ ለእንጦጦ መንገድ 2 ባር እንደሚበቃ የሚያውቅ ገዢ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

ደግሞ ባገራችን ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው በውጭ አገር መመሪያ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። አየሩ በአራዳ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው፤ በእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መንፊያው በአንድ ግፊት የሚወስደው የነፋስ መጠን በዐይን ሲታይ አንድ ቢሆንም በውስጡ ያለው ፍሬ ነገር ያነሰ ነው። ይህን በሒሳብ ለማየት ሞክረን ነበር። ስፋቱ 2 ኢንች፣ ቁመቱ 26 ኢንች የሆነ ጎማ በውስጡ አራት ሊትር የማይሞላ ቦታ አለው። በአንድ ግፊት 80 ሳንቲ ሜትር ኩብ በሚወስድ የእጅ መንፊያ ይህን ጎማ ወደ 2 ባር ለማድረስ፣ ምንም ባይባክን፣ በጅቡቲ ከ90 በላይ ጊዜ መግፋት ይበቃል፤ በአራዳ 125 ያህል፣ በእንጦጦ ላይ 135 ያህል ያስፈልጋል። በአፉ ዙሪያ የሚያመልጠውና በበርሜሉ ጫፍ የሚቀረው ሲቈጠር ከዚህም ይበልጣል። ዳገቱን ወጥቶ ለደከመ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። የልጁ መንፊያ የተበላሸ መስሎት የሚጥለው ብዙ ነው፤ መንፊያው ግን ደኅና ነው፤ አየሩ ስስ ሆኖ ነው እንጂ። አነስተኛውን መንፊያ የሚገዛ ወላጅ አስቀድሞ በግቢው ውስጥ ባዶ ጎማ ሰጥቶ ልጁን ያስነፋው፤ ሳያርፍ መጨረስ ያቃተው እንደ ሆነ በርሜሉ ወፈር፣ እጀታው ረዘም ያለውን ይለውጥለት።

ለቤት ግን በእግር ረግጠው በሁለት እጅ የሚጫኑት ትልቁ የቁም መንፊያ አንድ መኖር አለበት። መለኪያ ያለው ይሁን፤ መለኪያው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የቍጥር ክበብ አለበት፤ አንዱ ባር፣ ሁለተኛው ፒ ኤስ አይ የሚባለው የእንግሊዞቹ ልክ ነው። አንድ ባር 14 ከግማሽ ፒ ኤስ አይ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው 30 ፒ ኤስ አይ ሲባል በሌላው ክበብ ላይ 30ን ሲፈልግ ጎማውን ሳይሆን ዕድሜውን ያሳጥራል። የጎማው ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ በጎኑ ላይ ታትሞ ይገኛል። በዚያ ወሰን ውስጥ ሆኖ፣ ካላማዳሪያ ላለው ባለ 2 ኢንች ጎማ ሰባ ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ2 እስከ 2 ከግማሽ ባር፣ ለቀላል ልጅ ከ1 ከግማሽ እስከ 2 ባር ብንል ከእውነት አንርቅም። ከዚህ ቢበዛ ጎማው በድንጋዩ ላይ ይዘላል፤ በቅጠልና በጭቃ ላይም ይንሸራተታል። ቢያንስ ደግሞ ድንጋዩ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ካላማዳሪያውን በሁለት ቦታ ጐን ለጐን ይቀደዋል፤ የእባብ ንክሻ ይመስላል። እሾህ የሚበሳው አንድ ቦታ ስለ ሆነ ጥንድ ቀዳዳ ያየ ሰው ጥፋቱ የእሾህ ሳይሆን የነፋስ ማነስ መሆኑን ይወቅ።

በአራዳ ነፍቶ እንጦጦ ሲደርስ ጎማው ይፈነዳል ብለው የሚሠጉ አሉ። ከፍታው በመለኪያው ላይ የሚጨምረው ከአንድ ባር መቶኛ አምስት ወይም ስድስት እጅ ብቻ ነው፤ የጧቱ ብርድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይቀንሳል። ስለዚህ ስለ ከፍታው ጎማ ማስተንፈስ አያስፈልግም።

የሚያሠጋው ሌላ ነው። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ለጭነት መኪና የሚያገለግል ስለ ሆነ በውስጡ የታመቀው ነፋስ 8 ባር ያህል ሊሆን ይችላል፤ የብስክሌትን ጎማ በጥቂት ሰኮንድ ይሞላዋል፤ በጥቂት ሰኮንድም ይተረትረዋል። ሠራተኛው ልምድ ያለው ሰው ቢሆንም እንኳ እጁ የለመደው የመኪናውን ጎማ ነው። ልጁ እንዲህ ሊማር ይገባዋል፤ ጎማው በቸርኬው ዙሪያ ሁሉ በትክክል መቀመጡን በመጀመሪያ በጣቱ ዳስሶ ይይ፤ ከዚያም ነፋሱ ጢስ፣ ጢስ እየተደረገ በትንሽ በትንሹ ይሰጥ፤ በየመካከሉም በአውራ ጣት ይፈተሽ፤ ሲነፋም ፊቱን ወደ ጎማው አያቅርብ። ጋሼ ቀስ ብለው፣ የብስክሌት ነው ብሎ በትሕትና መናገር የሚያሳፍር አይደለም፤ ጎሚስታውም አይከፋበትም።

በመንገድ የሚያዘው የእጅ መንፊያ አጭርም ቢሆን የላስቲክ ቱቦ ያለው ይሁን። ቱቦ የሌለው መንፊያ አፉ በቀጥታ በቫልቮላው ላይ ስለሚቀመጥ፣ ልጁ መቶ ሠላሳ ጊዜ ሲገፋ ክንዱ የሚያወዛውዘው ቫልቮላውን ነው፤ ፕሬስታ ከሆነ ዘንጓ ትጐብጣለች፤ ሽራደርም ከሆነ ሥሩ ይሰነጠቃል። ሌላው የቫልቮላ ጠላት ነፋስ ባነሰው ጎማ ቍልቍለት መውረድ ነው። ከእንጦጦ ሲወርዱ ፍሬን ሲያዝ ቸርኬው ይቆማል፤ የላላው ጎማ ግን ጥቂት ይሽከረከራል፤ ካላማዳሪያውንም ይዞት ይሄዳል፤ ቫልቮላው በቀዳዳው ውስጥ ታስሮ ስለሚቀር ይዘምማል። ዘምሞ የታየ ቫልቮላ ሳይቀደድ ነፋሱ ተለቆ፣ ጎማው ተመልሶ ተስተካክሎ እንደ ገና መነፋት አለበት። በሽራደር ላይ ያለችውም ትንሽ ቆብ ጌጥ አይደለችም፤ በክረምት የእንጦጦ ቀይ ጭቃ መርፌው ላይ ደርቆ በሩን ሳይዘጋ ያስቀረዋል። ቫልቮላው ያፈስ እንደ ሆነ ለማወቅ ምራቅ ጣል ማድረግ የጎሚስታ ሁሉ ብልሃት ነው፤ አረፋ ከወጣ መርፌውን ማጥበቅ ወይም መለወጥ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙ አይርቅም።

ካላማዳሪያ የሌለው፣ በውስጡ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበት ጎማም አለ። ለእሾህ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ፈሳሹ በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደርቅ እየተጨመረለት መኖር አለበት፤ ጎማው ከቸርኬው አንድ ጊዜ ከተለቀቀም በትንሽ የእጅ መንፊያ መልሶ ማስቀመጥ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ለጀማሪ ልጅ አንመክረውም። እንደዚሁም የታመቀ የካርቦን ጋዝ በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል፤ 16 ግራም የያዘው አንድ የተራራ ጎማ ይሞላል፤ ስስ አየርም አያግደውም። ጋዙ ግን በላስቲኩ በኩል ቶሎ ስለሚያመልጥ በማግስቱ ጎማው ለዝቦ ይገኛል፤ አንዴ ከወጣም አለቀ። መንፊያን ሊረዳ ይችላል፤ ሊተካ ግን አይችልም።

ልጁ ሲወጣ በከረጢቱ ከብስክሌቱ ቀዳዳ ጋር የሚስማማ አንድ አዲስ ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ ላስቲክ፣ ማስቲሽ፣ ቍራጭ የብርጭቆ ወረቀትና የጎማ መፈልቀቂያ ይኑረው። መፈልቀቂያው የላስቲክ ወይም ጠርዙ የደነዘ ብረት ይሁን፤ በካቻቪቴ የሚፈለቅቅ ሰው አንዱን ቀዳዳ ሲደፍን ሌላውን ይከፍታል። የተበሳውንም ካላማዳሪያ በመንገድ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ አዲሱን ማስገባት ይፈጥናል፤ የተበሳው ቤት ከተገባ በኋላ በሳፋ ውሃ ውስጥ እየተጠመቀ በእርጋታ ይጠገናል። አዲሱ ከመግባቱ በፊት ግን የውጭውን ጎማ ውስጡን በጣት ዙሪያውን መዳሰስ አይረሳ፤ የበሳው እሾህ እዚያው ተሰክቶ ተቀምጦ ሁለተኛውንም የሚጠብቅ ነውና። እኅቶችም ከወንድሞቻቸው ጋር ይህን ይማሩ፤ ጎማ የሚበሳ እሾህ ወንድና ሴት አይለይም፤ ጣታቸውም ለዚህ ሥራ ይቀላል። ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው አስቀድሞ በግቢያቸው፣ ግቢ ጠባብ ከሆነም በጃን ሜዳ፣ አባት ወይም እናት ሰዓት ይዘው ጎማውን አውጥተው፣ ለውጠው፣ ነፍተው እንዲጨርሱ ቢያደርጓቸው ጨዋታም ትምህርትም ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ በአራተኛው ሩብ ሰዓት አይሞላም።

የቤቱ ትልቅ መንፊያ በዱላው ጫፍ፣ ነፋሱን ወደ ታች የሚገፋ የቆዳ ወይም የጎሚኒ ክብ አለበት። ቆዳ የሆነ እንደ ሆነ በበጋው ደረቅ ወራት ይጨማተራል፤ እጀታውም ያለ ኀይል ወርዶ ወርዶ ጎማው አንዳች አይጨምርም። ይህ ሲሆን የላይኛውን ክዳን ፈትቶ፣ ዱላውን አውጥቶ፣ ቆዳውን በሁለት ጠብታ ዘይት አሽቶ፣ ጠርዙን በጣት ወደ ውጭ ዘርግቶ መመለስ ይበቃል። ጎሚኒ ከሆነ የምግብም የሞተርም ዘይት ስለሚያሳብጠው፣ የሲሊኮን ቅባት ከሌለ ጠርጎ ብቻ መመለስ ይሻላል። መንፊያውም ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ፣ ከአቧራ እንዲድን አፉ ወደ ታች ሆኖ ይሰቀል፤ ከአጠገቡም ልጁ በጧት ሲወጣ የሚያያት የመሸጋገሪያዋ ናስ በክር ታስራ ትንጠልጠል።